ረድኤት አበበ፦ ሰው ለስልኩ ብቻ የሚነግረውን ጥያቄ የመረመረች ምሁር



ሰው ለሐኪምም ለሸይኽም ማንሳት የሚያፍረውን ጥያቄ ሌሊት ለስልኩ ያቀርባል። እዚህ ዳንግላም ያው ነው። ይህን ጥያቄ በቁም ነገር የመረመረች አንዲት የሀገራችን ልጅ አለች፤ ዶክተር ረድኤት አበበ።

ተወልዳ ያደገችው አዲስ አበባ ነው። ሒሳብ በሃርቫርድ፣ ቀጥላም በካምብሪጅ ተማረች። በ2019 (ዓመቶቹ በፈረንጆቹ ናቸው) ከኮርኔል ዩኒቨርሲቲ በኮምፒዩተር ሳይንስ ዶክትሬቷን ያዘች፤ በዩኒቨርሲቲው ይህን ያሳካች የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት ነች።

እኔን የገረመኝ ግን ከማይክሮሶፍት ተመራማሪዎች ጋር የሠራችው ጥናት ነው። በ54ቱ የአፍሪካ ሀገራት ሰዎች ስለ ኤችአይቪ፣ ስለ ወባና ስለ ቲቢ በቢንግ የፈለጉትን መረመሩ። ምልክቱንና ምርመራውን የሚጠይቅ ብቻ ሳይሆን መገለልን የሚፈራ፣ በባህል መድኃኒት ይድን እንደሆነ የሚጠይቅም ተገኘ። መጠይቅ ይዞ ቤት ለቤት የሚዞር ሠራተኛ ይህን በቀላሉ አያገኘውም፤ ሰው ፊት ለፊት ሲጠየቅ ይሸሽጋላ!

በዚያው ሰሞን የአሜሪካ መንግሥት የጤና ምርምር ተቋም ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ባቋቋመው አማካሪ ቡድን ውስጥ ሠራች። በኋላ በበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ መምህርት ሆነች። ቀደም ሲል በ2017 ከዶክተር ትምኒት ገብሩ ጋር በዘርፉ ያሉ ጥቁሮችን የሚያሰባስበውን «ብላክ ኢን ኤአይ» መሥርታለች።

እንዲህ ያለ ጥናት ግን የሚሰማው ኢንተርኔት ያለውን ሰው ነው። በገጠራችን ወባ የያዛት፣ ስልክ የሌላት እናት ጥያቄዋ እዚያ ውስጥ የለም።