ከኪንዳሳ እስከ ፊልተር

የምሠራው ባሕራ ነው፤ በጂዳና በመካ መሃል። ማድቤታችን ውስጥ ከዕቃ ማጠቢያው ሥር የውሃ ፊልተር አለ። ሊያድስ የመጣው ሰውዬ «ጥቁሩን በጊዜ ካላስቀየራችሁ ነጩ ይበላሻል» አለኝ። ለምን? ብዬ ስከታተል ነገሩ የጂዳ ታሪክ ሆኖ አገኘሁት።

ጂዳ ወንዝ የላትም። ድሮ ሰዉ የዝናብ ውሃ ያጠራቅም፣ ከሩቅም ያስመጣ ነበር። በ1907 (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው) በቱርኮች ዘመን የባሕር ውሃ አፍልቶ እንፋሎቱን መልሶ ውሃ የሚያደርግ መሣሪያ ተተከለ፤ ስሙ ኪንዳሳ። በ1928 ንጉሥ አብዱልአዚዝ ሁለት ጨመሩ። አሠራሩ እንደ አረቄ አወጣጥ ነው፤ ጨው ድስቱ ውስጥ ይቀራል። ግን ብዙ እሳት ይፈጃል።

ሳያፈሉ ማጣራት የተቻለው በፖሊመር ነው። ፖሊመር ማለት ጥቃቅን ሞለኪውሎች እንደ ዶቃ ተሰካክተው የሠሩት ረጅም ሰንሰለት ነው፤ ፕላስቲክም ናይለንም፣ የጥጥ ክርም እንዲሁ። በ1950ዎቹ ማብቂያ አሜሪካ ውስጥ ሎብና ሱሪራጃን የሚባሉ ተመራማሪዎች በጥጥና በእንጨት ውስጥ ካለው ሴሉሎስ ውሃ አሳልፎ ጨው የሚያስቀር ስስ ሽፋን ሠሩ። በ1970ዎቹ ጆን ካዶት የናይለን ዘመድ ከሆነው ፖሊአማይድ የተሻለ አወጣ።

ውሃው ግን በኃይል ካልተገፋ አያልፍም። የመኪና ጎማ 2 ባር ገደማ ይነፋል፤ ለባሕር ውሃ 60 ባር ገደማ ያስፈልጋል። በ1970ዎቹ መጨረሻ ጂዳ ላይ በዚህ ዘዴ የሚሠራ፣ በቀን 12,000 ሜትር ኩብ የሚያጣራ ጣቢያ ተተከለ፤ በጊዜው በዓለም ከታወቁት ትልልቆች አንዱ ነበር። ከጂዳ በስተሰሜን ቱዋል በ2009 የተከፈተው የንጉሥ አብዱላህ ዩኒቨርሲቲም እንዲህ ያሉ ሽፋኖችን ያጠናል።

በፊልተራችን ነጭ ዕቃ ውስጥ ተጠቅልሎ ያለው ያው ፖሊአማይድ ነው። ጠላቱ ክሎሪን ነው፤ በረኪናን በረኪና የሚያደርገው። ክሎሪን ሰንሰለቱን ይጎዳዋል። ጀርም እንዲገድል ቧንቧ ውሃ ውስጥ ይጨመራል፤ ጥቁሩ ከሰል ቀድሞ ያስቀረዋል። ከሰሉ ሲደክም ክሎሪኑ ነጩ ጋ ይደርሳል፤ ነጩም ጨው ማሳለፍ ይጀምራል። ውሃውን በዓይን ብታዩት ግን ያው ንጹሕ ነው።

ስለዚህ እህቶቼ፣ ፊልተር ስታጸዱ በረኪና ነጩን እንዳይነካው። ከሰሉ የተቀየረበትን ቀን ላዩ ላይ ጻፉ፤ ጊዜው ሲደርስ ለማዳም ንገሩ። የቤቱ ዕቃ ነው ብላችሁ አትተዉት፤ ውሃውን እኛም እንጠጣዋለን።