ኮርቻው ይውረድ

አያቴ በቅሎ ሊገዛ ገበያ ሲወጣ ዋጋ አስቀድሞ አይጠይቅም፤ ጥርስም አይገልጥም። ከሁሉ በፊት የሚናገራት ቃል አንዲት ነበረች፦ «ኮርቻው ይውረድ።»

ሻጩ ይቆጣል። ግላሱ አዲስ ነው፣ እርካቡ ነሐስ ነው፣ ልጓሙ ጎንደር የተሠራ ነው። ይህን ሁሉ ጭኖ የመጣው እንዲታይለት ነውና «አያ፣ እስቲ መጀመሪያ ከነሙሉ ዕቃዋ ይዩዋት!» ይላል። አያቴ ፈንጠር ብሎ፣ ዱላውን ተደግፎ ይቆማል። ጀርባዋ ራቁቱን ሲቀር ብቻ ነው ጠጋ የሚለው።

ጠጋ ሲል በዓይኑ ሳይሆን በመዳፉ ነው የሚያየው። ከጋማዋ ሥር ይጀምርና በትከሻዋ ጉብታ አልፎ እስከ ወገቧ ቀስ ብሎ ያሳልፈዋል። በቅሎዋ ቆዳዋን ካንቀጠቀጠች እዚያች ቦታ ላይ ተመልሶ ይጫናል። ነጭ ጠጉር ካገኘ ጣቱን እዚያው አቁሞ ሻጩን ቀና ብሎ ያየዋል። ኮርቻ የቆረጠው ጀርባ ሲድን ጠጉሩ ነጭ ሆኖ ይበቅላል፤ ይህን ሁሉም ያውቃል። በጥቁር በቅሎ ጀርባ ላይ ያለች ሳንቲም የምታህል ነጭ ምልክት የቀድሞ ጌታዋን ጠባይ ታወጣለች፦ ወደ አንድ ጎን አዘንብሎ የሚቀመጥ፣ ወይም ከኮርቻው ሥር የሚነጠፈው ጨርቅ ሲያልቅ ለመለወጥ የሰነፈ ሰው። አንዴ ገጣባ የሆነች በቅሎ ዳገት ላይ ያንኑ ቦታ እየሸሸች ትሄዳለች፤ በላይዋ ያለው ሰው ደግሞ በወገቡ ይከፍላታል።

እኔ ጡረታ የወጣሁ የታሪክ አስተማሪ ነኝ። ብዙ ዘመን ያስተማርሁት ስለ ነገሥታትና ስለ ጦርነት ነው፤ እነዚያ ነገሥታት ምን ላይ ተቀምጠው እንደመጡ የጠየቀኝ ተማሪ ግን አላስታውስም። የደብረ ታቦር ታሪክ ግማሹ የበቅሎ ጀርባ ታሪክ ነው ብል የሚከራከረኝ ይምጣ።

ከተማችን ከጉና ተራራ ሥር፣ 2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። ወደ ምዕራብ ወደ ፎገራ ሜዳና ወደ ጣና ይወረዳል፤ ወደ ምሥራቅ በጉና ትከሻ በኩል ወደ ጋይንት ይወጣል። በዚህ አገር ፈረስ ለጦርና ለጉግስ ነው። ለመንገድ በቅሎ ነበረች። የጥንቱ ጦረኛ ራሱ በበቅሎ እየሄደ ፈረሱን ያስስብ ነበር፤ ፈረሱ ላይ የሚወጣው ጠላት ሲታይ ብቻ ነው። ስለዚህም ጥሩ የኮርቻ በቅሎ ከፈረስ ትወደድ ነበር። ድንጉላ አህያ ከባዝራ ጋር ካልተገናኘ አትገኝም፤ ራሷ አትወልድም፤ እያንዳንዷ በቅሎ እንደገና ከመጀመሪያው የምትፈጠር ናት። አባቷን ሲጠይቋት እናቴ ፈረስ ናት ማለቷን የቀለድንባትን ያህል፣ ስትሸጥ ከእናቷ በላይ መውጣቷን ብዙም አናወራውም።

ምቾቷ ያለው በአረማመዷ ነው። ሰጋር የምትባለው በቅሎ የአንድ ወገን ሁለት እግሮቿን አብራ ታነሣለች፤ ቀኙ ከቀኝ፣ ግራው ከግራ። የተቀመጠው ሰው በቀስታ ወዲያና ወዲህ ይላል እንጂ አይዘልም። በሶምሶማ የምትሄደው ግን እግሮቿን አሻግራ ስለምታነሣ ሰውየውን በየእርምጃው ወደ ላይ ትወረውረዋለች። ደላሎች ሰጋር በቅሎ ላይ ተቀምጦ ብርሌ ጠጅ ቢይዙ ጠብታ አይፈስም እያሉ ይምሉ ነበር። አያቴ ይህን ሲሰማ «ጠጅ የሚጠጣ ሰው ገበያ ምን አመጣው?» ይልና ልጓሙን ተቀብሎ ራሱ ይቀመጥባታል፤ ዳገቱን ወጥቶ፣ በተለይም ቁልቁለቱን ወርዶ ይመለሳል። ሜዳ ላይ የምትሰግር ብዙ ናት። ቁልቁለት ላይ አረማመዷን የማትለውጥ ግን ጥቂት ናት፤ ገንዘብ የሚከፈለውም ለእሷ ነው። ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው አፏን ከፍቶ ጥርሷን የሚያየው። እንደ ፈረስ ሁሉ በቅሎም በ5 ዓመቷ ገደማ የወተት ጥርሷን ጨርሳ ትጥላለች፤ ከዚያ በኋላ ዕድሜ የሚነበበው ከጥርሱ መሸርሸር ነው። የ10 ዓመት በቅሎ ለአያቴ አሮጌ አልነበረችም። በቅሎ ከፈረስ ረዝማ ታገለግላለች፤ ያገለገለች ደግሞ ድልድይ አይታለች፣ ወንዝ ተሻግራለች፣ ጅብ ሰምታለች።

ታዲያ ይህን የሚያውቅ አገር ለምን በግላስና በእርካብ ይታለል ነበር? እንደ እኔ ግምት ጥፋተኛዋ ደብረ ታቦር ራሷ ናት። ራስ ጉግሣ መርሶ በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ መቀመጫቸው ካደረጓት ወዲህ፣ የየጁ ራሶች፣ አፄ ቴዎድሮስ፣ አፄ ዮሐንስ 4ኛ ሁሉ ከርመውባታል። የጌታ መቀመጫ በሆነ ከተማ በቅሎ የሹመት ደብዳቤ ነበረች። ንጉሥ ለሚወደው ሰው በቅሎ ከነሙሉ ዕቃዋ ይሸልማል፤ በብር የተለበጠ ኮርቻ ያገኘ ሰው ሲያልፍ መንገደኛው ፊቱን ከማየቱ በፊት ኮርቻውን ያያል። መኳንንቱ የማይቀመጡባትን በቅሎ እንኳ አስጊጠው ከፊታቸው ያስስቡ ነበር። በ1834 ዓ.ም. ራስ ዓሊና ደጃዝማች ውቤ እዚሁ ደብረ ታቦር ሲዋጉ፣ ከዚያም በየጊዜው አንዱ ጌታ ወድቆ ሌላው ሲነሣ፣ የተማረከው ጌጥ የት ገባ? ሁሉም በግምጃ ቤት አልተቆለፈበትም። የጌታ ዕቃ ወደ ገበያ ወረደ፤ ባላገሩም በተራ በቅሎ ላይ የደጃዝማች ግላስ ጭኖ ዋጋ መጥራት ተማረ። በቆላው በኩል የይፋግ ገበያ ነበር፤ በመካከል የደሪጣ ነጋዴዎች ነበሩ። ጠገራ ብር፣ ያቺ 1780 የሚል ቁጥር ያለባት የማርያ ቴሬዛ ብር፣ ከእጅ ወደ እጅ የምትዘዋወረው በእነዚህ መንገዶች ነው።

ኮርቻ ሲፈታ አይቻለሁና ልናገር። ሁለት ጎን ለጎን የሚተኙ ሳንቃዎች፣ ከፊትም ከኋላም ከፍ ያሉ፤ ሁሉም በእርጥብ ጠፍር ይታሰራል። ጠፍሩ ሲደርቅ ይኮማተርና ሚስማር የማይችለውን ያህል ያጠብቀዋል። በላዩ ቆዳ ይለበጣል፤ የደኅና ሰው ከሆነ ቀይ ቆዳ። ሳንቃዎቹ የበቅሎዋን አከርካሪ እንዳይነኩ በመካከላቸው ክፍት ቦታ ይተዋል። ያቺ ክፍተት ጠባ ከተሠራች፣ ከላይ ሐር ብታለብሰውም ጀርባዋ ይቆስላል። የፊቱና የኋላው ከፍታ ለጌጥ የሚመስለው ሰው የጋይንትን ቁልቁለት አልወረደም።

እርካቡ ደግሞ ሌላ ታሪክ ነው። የድሮው እርካብ ትንሽ ቀለበት ነበር፤ ባዶ እግሩን የሚቀመጠው ሰው አውራ ጣቱን ብቻ ነበር የሚያስገባባት። የውጭ አገር መንገደኞች ይህን እያዩ ይገረሙ ነበር። ሲወድቁ እግር አይያዝም፤ ለመውጣትም ለመውረድም ቀላል ናት። ጫማ ሲመጣ ግን ያ ቀለበት ከንቱ ሆነ። ሰፊ እርካብ ተሠራ፤ ቤተሰባችን ውስጥ የቀሩት ሁለት እርካቦች አንዱ የአውራ ጣት፣ አንዱ የጫማ መሆናቸው ጥንድ እንዳይሆኑ አድርጓቸዋል። እናቴ የጠበበውን የእጣን ማጨሻ ክዳን መያዣ አድርጋዋለች።

በቅሎ ጣራ የሌላት መቀመጫ መሆኗን ደግሞ የጉና ዝናብ አያስረሳም። ባላገሩ ከሣር የተጎነጎነ ጌሳ ይደፋል። ያለው ከደጋ በግ ጸጉር የተሠራ በርኖስ ይለብሳል፤ ውሃ ሲጠጣ እንደ ድንጋይ ይከብዳል፣ ግን ውስጡ ይሞቃል። ጳጳስና እመቤት ግን ጥላ የሚይዝ ሰው ከጎናቸው ይሮጥላቸው ነበር። የጥላ ያዡ ምቾት የትም አልተጻፈም።

የመንኮራኩር ነገር ከመኪና በፊት ነው እዚህ የደረሰው። አፄ ቴዎድሮስ ከከተማችን አጠገብ ጋፋት ላይ በአውሮፓውያን ሚሲዮናውያን እጅ ያሠሯቸውን መድፎች፣ ወደ 70 ኩንታል የሚመዝነውን ሴባስቶፖልን ጨምሮ፣ ደብረ ታቦርን አቃጥለው ወደ መቅደላ ሲወስዱ ከጥቅምት እስከ መጋቢት 1860 ዓ.ም. ፈጅቷል። ገደል እያስናዱ፣ ድንጋይ እያስፈነቀሉ የጂዳንና የበሽሎን ሸለቆ አሻገሯቸው። የእንግሊዙ ጄኔራል ናፒየር ጦር 44 ዝሆኖችና በሺህ የሚቆጠሩ በቅሎዎች ይዞ ሲመጣ በዚያው መንገድ ተጠቀመ። ነገር ግን መድፉ ሄደ፣ መንገዱም ተመልሶ ሣር ወጣበት። በጥቅምት 1872 ዓ.ም. የሱዳን ገዥ የነበረው ጎርደን አፄ ዮሐንስን ለማነጋገር ደብረ ታቦር የመጣው በበቅሎ ነው፤ ጀርመናዊው ሮልፍስም በ1873 ዓ.ም. እንዲሁ። በ1900 ዓ.ም. እንግሊዛዊው ቤንትሌይ ለአፄ ምኒልክ የመጀመሪያዋን መኪና አዲስ አበባ ሲያስገባ እንኳ፣ ያቺ መኪና ጣራዋ ክፍት ነበረች፤ ከበቅሎ ለወረደ ንጉሥ ብዙ እንግዳ ነገር አልሆነችም ይሆናል። የበጌምድር ገዥ የነበሩት ራስ ጉግሣ ወሌ ከደብረ ታቦር ዘምተው መጋቢት 22 ቀን 1922 ዓ.ም. አንቺም ላይ ሲወድቁ በላያቸው አውሮፕላን ያንዣብብ ነበር፤ ሠራዊታቸው ግን በእግርና በበቅሎ የመጣ ነው። የኮርቻን ገበያ በእውነት ያቀዘቀዘው በደርግ ዘመን ቻይናዎች ከወረታ ወልዲያ የሠሩት፣ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆነው መንገድ ነው። አሁንም የቻይና መንገድ እንለዋለን።

የአያቴ ቃል ግን ለመኪናም ትሠራለች። የእህቴ ልጅ ቨርጂኒያ ነው የሚኖረው። አምና ጣራዋ የሚታጠፍ፣ ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ ያገለገለች ማዝዳ ሚያታ ሊገዛ ሁለት መኪና መርጦ ፎቶ ላከልኝ። «ጋሼ፣ የትኛዋ ትሻላለች?» ይለኛል። አንደኛዋ ወንበሯ ቆዳ ነው፣ ከሥር ይሞቃል፤ ጣራው በቁልፍ ይታጠፋል፤ ሙዚቃው ከራስ መደገፊያው ውስጥ ይወጣል። ሁለተኛዋ ጨርቅ ወንበር፣ በእጅ የሚታጠፍ ሸራ፣ ሌላ ምንም። ስለ መኪናው ያስረዳኝ እሱ ነው፦ ከወንበሩ ኋላ የዝናብ ውሃ መውረጃ ቀዳዳ አለ፤ ቅጠል ሲደፍነው ውሃው ወደ ውስጥ ይገባና ወለሉንና የበሩን ሥር በዝገት ይበላል። ይህን እየነገረኝ ስለ ወንበር ሙቀት መጠየቁ አስገረመኝ። «ምንጣፉን አንሥተህ አይተሃል?» አልሁት። አላየም። በሳምንቱ አየና የባለ ቆዳ ወንበሯን ሥር ረጥቦ አገኘው። ቢሆንም የሚሞቅ ወንበር ከልቡ አልወጣለትም፤ ባዶዋን ገዝቶ ወንበሩን ለብቻ ሊያስገጥም ሰው እያፈላለገ ነው። በዚህ አልነቅፈውም። ጣራ ከፍቶ በብርድ የሚሄድ ሰው ሥሩ ቢሞቅለት ቅንጦት አይደለም፤ የእኛም ሰዎች በርኖስን የለበሱት ለዚሁ ነው። ቁም ነገሩ ወንበር በኋላ የሚገጠም ነገር መሆኑ ነው፤ ያልዛገ ወለል ግን ከገዙ በኋላ አይገጠምም፣ ስግሪያም እንዲሁ። እዚህ አገር ይህን ምርጫ የሚያቀርብልን ገበያ የለም፤ ያረጀ መኪና ላይ በ2012 ዓ.ም. ከባድ የኤክሳይስ ታክስ ተጣለ፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ማስገባት ታገደ።

በከተማችን ዛሬ ባጃጅ ነው የሚጮኸው። ከአስፋልቱ ወጣ ብሎ፣ በስማዳና በእስቴ ቆላማ ቀበሌዎች ግን በቅሎ አሁንም ሥራ አልፈታችም፤ በተለይ በሠርግ ወራት። ባለፈው ጥር የዘመድ ሠርግ ላይ ሙሽራዋ መንገዱ እስካለቀበት ድረስ በሚኒባስ መጣች፤ ከዚያ በቅሎ ቀረበላት። ኮርቻው የድሮው ዓይነት ሳንቃ ነው፤ የተነጠፈበት ግን ስፖንጅ ነው፣ ግላሱም ከሶፋ ጨርቅ የተሰፋ ቀይ ከፈይ። ሚዜዎቹ ከባለ በቅሎው ጋር ሲከራከሩ ቆሜ ሰማሁ። ሰውየው አልተነቃነቀም፤ የተነጋገርነው የበቅሎዋን ኪራይ ነው፣ ኮርቻና ግላስ ለብቻ ይታሰባል አላቸው። ከፈሉት።