የጣሊያን ምግብ ቤት ስትገቡ፦ ሜኑውን ለማንበብ፣ ጾማችሁን ለመጠበቅና ሂሳቡ ሳያስደነግጣችሁ ለመውጣት

ከመሐል ሜዳ፣ ከሞላሌ፣ ከራቤል ወይ ከዓለም ከተማ አዲስ አበባ ገብታችሁ ሥራ ጀምራችኋል እንበል። አንድ ቀን ባልደረባችሁ «ልደቴ ነው፣ እራት በእኔ» ብሎ ቦሌ አንድ የጣሊያን ምግብ ቤት ይጠራችኋል። ሜኑው ሲመጣ አማርኛም እንግሊዝኛም አይደለም። ቀኑ ደግሞ ረቡዕ ነው።

«ለእኔም እሱ ያዘዘውን» ብሎ ማምለጥ አለ፤ ብዙዎቻችን አድርገነዋል። ግን ጓደኛችሁ ያዘዘው ካርቦናራ ቢሆንስ? ካርቦናራ ማለት የአሳማ ሥጋ፣ እንቁላልና ቺዝ ያለበት ፓስታ ነው። በአንድ ሳህን ሦስት ጉድ።

እና ይቺን ጽሑፍ ሴቭ አድርጓት። ሬስቶራንት በር ላይ ሆናችሁ ስልካችሁን ከፍታችሁ የምታዩዋት ትሁን።

ግማሹን ታውቁታላችሁ

መጀመሪያ አትደንግጡ፤ ጣሊያንኛ ሳታውቁት ስትናገሩ ነው ያደጋችሁት። ከመሐል ሜዳ በአውቶቡስ ስትመጡ ሹፌሩ የሚቀይረው ማርሽ፣ የሚይዘው ፍሬን፣ የፈነዳበት ጎማ፣ የምትወርዱበት ፌርማታ ሁሉም ከጣሊያንኛ የመጡ ናቸው። እግራችሁ ላይ ያለው ካልሲ፣ ትከሻችሁ ላይ ያለው ቦርሳም እንደዛው። ፒያሳ ማለት አደባባይ፣ መርካቶ ማለት ገበያ ነው። ካዛንቺስ ደግሞ ለመንግሥት ሠራተኞች ቤት ይሠራ ከነበረ የጣሊያን ተቋም ስም የወጣ ነው።

ከምግብ በኩል ስጎ የሚለውን ሁላችንም እናውቃለን፤ ጣሊያኖቹም ሱጎ ነው የሚሉት። ፎርኖ መጋገሪያ ምድጃ ነው፤ የእኛ «ፉርኖ ዱቄት» ከዚያ ነው የመጣው። ስለዚህ ሜኑ ላይ «አል ፎርኖ» ካያችሁ በምድጃ የተጋገረ ማለት ነው። ማኪያቶ ማለት «ነጠብጣብ ያረፈበት» ነው፤ ቡናው ላይ ጠብ ያለችውን ወተት ለማለት። ጣሊያን አገር ብታዙ ወተቱ ከእኛው በጣም ያነሰ ነው የሚመጣላችሁ።

ቃላቱ እንዴት እንደመጡ

ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በቆየው ወረራ ነው ብዙዎቹ የገቡት። የመንዙ መንገድ ከደሴው አስፋልት ጋር የሚገናኝበት ጣርማ በር ላይ፣ ወደ ደብረ ሲና የሚያወርደው አሮጌው ዋሻ የዚያ ዘመን ሥራ ነው።

የእኛ አካባቢ ልጅ ስለ ጣሊያን ሲያወራ ግን ሌላም ዋሻ አለ። ዘረት። ሚያዝያ 1931 ዓ.ም. ከአበበ አረጋይ አርበኞች ጋር የተያያዙ ተዋጊዎች ከነቤተሰቦቻቸው መንዝ ውስጥ አመፀኛ ዋሻ በሚባለው ቦታ ተጠልለው ሳለ፣ የጣሊያን ጦር ከቦ የሰናፍጭ ጋዝ ለቀቀባቸው። እጃቸውን ሰጥተው የወጡት ወንዶች ተረሸኑ። የሞቱት በመቶዎች ናቸው። ነገሩ በዓለም የታሪክ ጸሐፊዎች ዘንድ በሰፊው የታወቀው ማቴዮ ዶሚኒዮኒ የተባለ ጣሊያናዊ የታሪክ ተመራማሪ የጦሩን ሰነድ ይዞ ቦታው ድረስ ከሄደ በኋላ ነው። ከእሱ በኋላ የሄዱ አርኪዮሎጂስቶች ዋሻው ውስጥ የሰው አጽምና የሸክላ ስብርባሪ አግኝተዋል። ሰዎቹ እዚያ ቤት ሠርተው፣ ምግብ እያበሰሉ ይኖሩ ነበር።

ይሄ እያለ የጣሊያን ምግብ ቤት ገብቶ መዝናናት ይከብዳል የሚል ሰው አጋጥሞን ያውቃል፤ ስሜቱ ይገባናል። እኛ ግን አንዱን ለመብላት ሌላውን መርሳት ግዴታ ነው ብለን አናምንም። የሚያስከፋን ሌላ ነገር ነው፦ ስንት የመንዝ ልጅ የፒዛ ዓይነት በስም ይቆጥራል፣ ዘረትን ግን ሰምቶ አያውቅም። ስልኩ እጃችሁ ላይ ነው፤ ዘረትን መፈለግ የፒዛ ቤት አድራሻ ከመፈለግ አይረዝምም።

ወረራው ሲያበቃ ንጉሠ ነገሥቱ ሕዝቡ በቀል እንዳይፈጽም አዘዙ፤ አንዳንድ ጣሊያኖችም እዚሁ ቀሩ። መካኒክ ሆኑ፣ ግንበኛ ሆኑ፣ ምግብ ቤትና ቡና ቤት ከፈቱ። ፒያሳ ካስቴሊ የሚባለው ሬስቶራንት ለረጅም ዓመታት የከተማው ታዋቂ የጣሊያን ቤት ነበር። ቶሞካ ቡና እ.ኤ.አ. በ1953 ተመሠረተ። መስቀል አደባባይ አካባቢ ያለው ጁቬንቱስ ክለብ ደግሞ የጣሊያን ማኅበረሰብ መሰብሰቢያ ነው። ዛሬ ግን አዲስ አበባ ውስጥ «ጣሊያን ቤት» የምንላቸው አብዛኞቹ የኢትዮጵያውያን ናቸው፤ ወጥ ቤቱ ውስጥ ያለውም የእኛው ሰው ነው። ይሄ ለእናንተ ጥሩ ዜና ነው፤ በአማርኛ መጠየቅ ትችላላችሁ።

አንድ ነገር፦ ፒያሳ በ2016 ዓ.ም. በኮሪደር ልማቱ ብዙ ቦታው ፈርሷል። የድሮ ጽሑፍ ወይ የድሮ ቪዲዮ አይታችሁ ዝም ብላችሁ አትሂዱ፤ መጀመሪያ ደውሉ።

ሜኑው የተደረደረበት መንገድ

ጣሊያኖች ምግቡን በየተራ ነው የሚበሉት። አንቲፓስቶ ማለት ከምግብ በፊት የምትቀመስ ነገር ነች። ፕሪሞ «አንደኛ» ማለት ሲሆን ፓስታ፣ ሪዞቶ (የሩዝ ምግብ) ወይ ሾርባ ነው። ሴኮንዶ «ሁለተኛ» ነው፤ ሥጋ ወይ ዓሣ። ሴኮንዶው ብቻውን ነው የሚመጣው፤ ድንች ወይ አትክልት ከፈለጋችሁ ኮንቶርኖ በሚለው ሥር ለብቻ ይታዘዛል፣ ለብቻም ይከፈላል። ዶልቼ ጣፋጭ ነው።

ሁሉንም ማዘዝ አይጠበቅባችሁም። አዲስ አበባ ላይ አንድ ፕሪሞ ለአንድ ሰው በደንብ ይበቃል። አንቲፓስቶ አዝዞ ለአራት መካፈልም የተለመደ ነው።

አሳማው የት የት አለ?

ኦርቶዶክስም ሙስሊምም ብትሆኑ ይሄ ክፍል ይመለከታችኋል። ሜኑው «አሳማ» ብሎ በግልጽ አይጽፍም፤ ስሙን ነው የሚጽፈው። ፕሮሹቶ፣ ፓንቼታ፣ ጓንቻሌ፣ ስፔክ፣ ሞርታዴላ፣ ሳላሚ፦ እነዚህ በባህላቸው የአሳማ ናቸው። ብሬዛኦላ ግን የበሬ ነው። ከፓስታ ካርቦናራና አማትሪቻና በአሳማ ነው የሚሠሩት። ከፒዛ ካፕሪቾዛና ኳትሮ ስታጆኒ ላይ ብዙ ጊዜ የአሳማ ሥጋ ይጨመራል፤ ካልዞኔ የሚባለው የታጠፈው ፒዛ ውስጥም እንደዛው። ቦሎኛ ስጎ ጣሊያን አገር የበሬና የአሳማ ቅልቅል ሊሆን ይችላል።

አዲስ አበባ ውስጥ ብዙ ቤቶች እነዚህን በበሬ ሥጋ ይተካሉ። ሁሉም ግን አይደሉም፤ ስለዚህ «ይሄ የምን ሥጋ ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። አስተናጋጁ ካላወቀ ወጥ ቤት ጠይቆ ይምጣ። ይሄ ነውር አይደለም፤ ሥራው ነው።

ፔፐሮኒ ላይ ደግሞ አስቂኝ ነገር አለ። በጣሊያንኛ ፔፔሮኒ ማለት ቃሪያ ነው፣ ያው ትልቁና የማያቃጥለው። ቋሊማ ያደረጉት አሜሪካኖች ናቸው። የትኛው እንደሚመጣላችሁ በሜኑው ማወቅ አይቻልም።

«ፍሩቲ ዲ ማሬ» የሚለውን አይታችሁ ፍራፍሬ እንዳይመስላችሁ። ቃል በቃል የባሕር ፍሬ ማለት ሲሆን ሽሪምፕ፣ ካላማሪና የባሕር ቀንድ አውጣ መሰል ነገሮች ናቸው። ክንፍና ቅርፊት የሌለውን የማትበሉ ከሆነ ዝለሉት።

ሙስሊም አንባቢዎቻችን ደግሞ ወይን ላይ ተጠንቀቁ፤ ሪዞቶና አንዳንድ የሥጋ ስጎ በወይን ነው የሚሠራው። ቲራሚሱ ውስጥም አልኮል የሚጨምሩ አሉ።

የጾም ቀን ከሆነ

ጣሊያኖች ሳያስቡት ብዙ የጾም ምግብ አላቸው። በፓኬት የሚሸጠው ደረቅ ፓስታ ስንዴና ውሃ ነው፤ ጾም ነው። «ፍሬሽ» ወይ «እዚሁ የተሠራ» የተባለው ግን፣ ለምሳሌ ታሊያቴሌ፣ ራቪዮሊና ላዛኛ፣ አብዛኛውን ጊዜ እንቁላል አለበት። ትልቁ ስህተት እዚህ ጋ ነው የሚሠራው፤ ስጎውን ጠይቀው ሊጡን የሚረሱ ብዙ ናቸው።

ከስጎ ፖሞዶሮ (ቲማቲም)፣ አራቢያታ (ቲማቲም ከሚያቃጥል በርበሬ ጋር፤ ለእኛ አፍ የሚስማማው ይሄ ነው) እና አሊዮ ኦሊዮ (ነጭ ሽንኩርትና ዘይት) ጾም ናቸው። ግን ስታዙ «ያለ ቺዝ፣ ያለ ቅቤ» በሉ፤ ማብሰያው ላይ ቅቤ ጣል የሚያደርግ አለ፣ ከላይ ቺዝ መፈግፈግማ ልማድ ነው። ፔስቶ አረንጓዴ ስለሆነ አትክልት ብቻ ይመስላል፤ ውስጡ ቺዝ አለ። ሪዞቶ በቅቤና በሥጋ መረቅ ነው የሚሠራው። ሚኔስትሮኒ የአትክልት ሾርባ ነው፣ መረቁን ግን ጠይቁ።

የጾም ፒዛ አሁን ሁሉም ጋ አለ ማለት ይቻላል። ጣሊያኖች ጥንትም ቺዝ የሌለው ፒዛ ነበራቸው፤ ማሪናራ ይባላል፣ ቲማቲም፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ኦሬጋኖና ዘይት ነው። እዚህ አገር ግን በዚሁ ስም የባሕር ምግብ የሚያመጡ ቤቶች ስላሉ ጠይቃችሁ እዘዙ። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር እዚህ አንከፍተውም፣ ኮሜንት ሴክሽኑን እናውቀዋለን።

አበላሉ

ስፓጌቲን ጥቂት በሹካ ይዛችሁ ሳህኑ ጠርዝ ላይ አሽከርክሩት፤ በአንዴ ብዙ ካነሳችሁ ነው የሚያስቸግረው። ቆራርጦ መብላት ጣሊያን ፊት ቅር ያሰኝ ይሆናል፣ እዚህ ግን ማንም ዞር ብሎ አያያችሁም። ፒዛ በእጅ ይበላል። ፓስታው ትንሽ ጠንከር ካለባችሁ ጥሬ አይደለም፤ አል ዴንቴ ይሉታል፣ ጥርስ ላይ የሚታወቅ ማለት ነው። ደብረ ብርሃን ሆቴል ውስጥ ከእንጀራ ጋር የለመድነው ፓስታ ለስለስ ያለ ስለሆነ ነው የሚገርመን። «ትንሽ ይጨመርልኝ» ማለት መብታችሁ ነው።

ሂሳቡ

እዚህ ነው ብዙ ሰው የሚደነግጠው። ሜኑው ሥር ++ የሚል ምልክት ወይም «ቫት አይጨምርም» የሚል ጽሑፍ ካለ፣ የምታዩት ዋጋ የምትከፍሉት አይደለም። ቫት 15 በመቶ ነው፤ ትልልቅ ቤቶች ላይ ብዙ ጊዜ 10 በመቶ የአገልግሎት ክፍያም አለ። ሁለቱም ከተጨመሩ 1000 ብር የበላ ሰው መጀመሪያ 1100፣ ከዚያ ቫቱ ሲሰላ 1265 ብር ይከፍላል። ስለዚህ ስታዙ ከእያንዳንዱ 1000 ብር ላይ ሩቡን በሐሳባችሁ ጨምሩበት። የአገልግሎት ክፍያ ደረሰኙ ላይ ካለ ተጨማሪ ጉርሻ መስጠት የእናንተ ፈቃድ ነው። ሂሳብ ከመጣ በኋላ ከመከራከር መጀመሪያ «ቫቱ ገብቷል?» ማለት ይቀላል።

ቤት ውስጥ ለምትሞክሩት

ሬስቶራንቱ ከኪሳችሁ በላይ ከሆነ አራቢያታ ቤት ይሠራል። ለአንድ ሰው 100 ግራም ደረቅ ፓስታ፣ 1 ሊትር ውሃ፣ ጨው። ስጎው ነጭ ሽንኩርት፣ ቲማቲም፣ ሚጥሚጣና ዘይት ነው። ፓስታው ከወጣ በኋላ የተቀቀለበትን ውሃ አንድ ሲኒ አስቀሩና ስጎው ላይ ጨምሩት፤ ያያይዘዋል።

አገር ቤት ሄዳችሁ ለቤተሰብ የምትሠሩ ከሆነ ግን ፓኬቱ ላይ ያለውን ደቂቃ አትመኑት። ከፍታ ሲጨምር ውሃ በዝቅተኛ ሙቀት ነው የሚፈላው፤ አዲስ አበባ ላይ 92 ዲግሪ ገደማ፣ ከ3000 ሜትር በላይ ያለው የመንዝ ደጋ ላይ ደግሞ 90 ዲግሪ ገደማ። ስለዚህ 9 ደቂቃ የተባለው ፓስታ መሐል ሜዳ ላይ በ9 ደቂቃ አይደርስም፤ ከ11 ደቂቃ ጀምራችሁ እየቀመሳችሁ ጠብቁት። ኦሬጋኖ ካጣችሁም አትጨነቁ። ከጓሮ ወይ ከገበያ ጦስኝ አምጡና በጣታችሁ አሽታችሁ ጣል አድርጉበት፤ የቅርብ ዘመዱ ነው።