አዳኙ ራሱ ሲወድቅ፦ ሄሊኮፕተርና ተዳፋት መሬት በሕክምና ታሪክ

ሄሊኮፕተር ለሕክምና አገልግሎት መዋል የጀመረው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወቅት ነው። እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 1944 አንዲት አነስተኛ የሲኮርስኪ ሄሊኮፕተር ከበርማ ጫካ አንድ አብራሪና ሦስት የእንግሊዝ ወታደሮችን አንሥታ ከሞት አትርፋለች። ከ1950 እስከ 1953 በተካሄደው የኮሪያ ጦርነትም ቁስለኞች በሄሊኮፕተር ግራና ቀኝ በታሰሩ ቃሬዛዎች ወደ ጦር ሜዳ ሆስፒታሎች ይጓጓዙ ነበር። ሆኖም መንደርደሪያ ሜዳ የማያሻው መሣሪያ በማንኛውም መሬት ላይ ያርፋል ማለት አይደለም። ይህንንም በሞን ብላን ተራራ የደረሰው አደጋ በግልጽ አሳይቷል።

የሞን ብላን አደጋ

በዲሴምበር 1956 መጨረሻ ዣን ቬንሶንዶን የተባለ ፈረንሳዊና ፍራንሷ ኦንሪ የተባለ ቤልጂጋዊ ወጣት በሞን ብላን ላይ በማዕበልና በውርጭ ተይዘው ቀሩ። በዚያው ዓመት ጁላይ አሉዌት 2 የተሰኘችው ሄሊኮፕተር ከ4,000 ሜትር በላይ ከሚገኘው የቫሎ መጠለያ በልብ ሕመም የተያዘ ተራራ ወጪ አውርዳ ስለነበር፣ ከሰማይ እርዳታ ይደርሳል የሚለው ተስፋ መሠረት ነበረው።

ዲሴምበር 31 ቀን ሁለት አብራሪዎችንና ሁለት የተራራ መሪዎችን የያዘች ኤስ 58 ሄሊኮፕተር ወደ ሁለቱ ወጣቶች ቀረበች። ነገር ግን የክንፏ ነፋስ ያስነሣው ዱቄት በረዶ የአብራሪዎቹን እይታ ጋረደው፤ ሄሊኮፕተሯም በተራራው ላይ ተገለበጠች። እርዳታ የሚሹት ሰዎች ሁለት መሆናቸው ቀርቶ ስድስት ሆኑ። መራመድ የተሳናቸው ወጣቶች በስብርባሪው ውስጥ እንዲቆዩ ተደርጎ፣ የተቀሩት ወደ ቫሎ መጠለያ አቀኑ። በጃንዋሪ 3 ቀን 1957 አሉዌት ሄሊኮፕተሮች አዳኞቹን ከመጠለያው አወረዱ። የሁለቱ ወጣቶች አስከሬን የወረደው ግን በማርች ነው። ይህ ሐዘን በፈረንሳይ የተራራ ነፍስ አድን ሥራ ከ1958 ጀምሮ በመንግሥት ኃላፊነት እንዲደራጅ ምክንያት ሆኗል።

የመገልበጥ ምክንያት

በሞን ብላን የእይታ መጋረድ ተጨምሮበታል፤ ይሁንና አየሩ ጥርት ባለበት ቀንም ቢሆን ተዳፋት ብቻውን አደገኛ ነው። አንደኛው የሄሊኮፕተር እግር መሬት ነክቶ ሌላው በአየር ላይ ሳለ፣ መሣሪያው የሚዞረው በክብደቱ መካከል ሳይሆን መሬት በነካው እግር ላይ ነው። ዘንበል ማለቱ ከተወሰነ ልክ ካለፈ የአብራሪው መሪ አይመልሰውም፤ ሁሉም ነገር በጥቂት ሰከንዶች ውስጥ ይፈጸማል። ድንገት ወደ ላይ ለመነሣት መሞከር አደጋውን ያባብሳል፤ መፍትሔው የማንሻውን ኃይል በዝግታ መቀነስ ነው። በተለምዶ የሚመከረው የተዳፋት ልክ 5 ዲግሪ ገደማ ሲሆን፣ ይህም ዓይን እንደ ሜዳ ሊቆጥረው የሚችል ዘንበልታ ነው።

ለጤና ባለሙያው የሚሰጠው ትምህርት

እኛ አብራሪዎች አይደለንም፤ ግን ሕመምተኛውን ይዘን የምንጠብቀው፣ ብዙ ጊዜም ማረፊያውን የምንጠቁመው እኛ ነን። ስለዚህ ደልዳላና ጽኑ መሬት እንምረጥ፤ ከሌለ ሕመምተኛውን በቃሬዛ ወደ ሜዳው መውሰድ ሄሊኮፕተሩን ወደ ገደሉ ከመጥራት ይሻላል። አንሶላውንና ቀላል ዕቃውን እንሰር። በተዳፋት ላይ ክንፉ በላይኛው በኩል ለመሬት ስለሚቀርብ፣ ወደ ሄሊኮፕተሩ የምንቀርበው ከታችኛው ወገን፣ አብራሪው እያየንና ሲፈቅድልን ብቻ ይሁን። ወደ ጭራው ፈጽሞ አንጠጋ።

ከሁሉ የሚከብደው ግን የራሳችን ጉጉት ነው። በአንዳንድ አገሮች የአየር አምቡላንስ አብራሪ ለመብረር የሚወስነው የሕመምተኛውን ሁኔታ ሳይሰማ ነው፤ ርኅራኄ ፍርዱን እንዳያዛባው ነው። «ሕፃን ነው፣ እየሞተ ነው» ብለን አብራሪውን ስንገፋፋ ለሕመምተኛው የተሟገትን ይመስለናል። የሞን ብላን ታሪክ የሚነግረን ግን አዳኙ ሲወድቅ ሕመምተኛው የመጨረሻ ተስፋውን እንደሚያጣ ነው። ተራራ በበዛባት አገራችን ለምንሠራ ባለሙያዎች ይህ የሩቅ አገር ወሬ ብቻ ሊሆን አይገባም።