ውኃን መጠበቅ፤ ከሲንቄ ሥርዓት እስከ ብክለት አቤቱታ
(ለጀሞና ለአካባቢው ነዋሪዎች የተዘጋጀ መረጃ)

በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ የሚገኘው ጀሞ ዛሬ የሚታወቀው በጋራ መኖሪያ ቤቶቹ ነው። ሕንፃዎቹ ከመሠራታቸው በፊት ግን የኦሮሞ አርሶ አደሮች ይኖሩበት ነበር። በኦሮሞ ባህል የውኃ ክብር ከሴቶች ተቋም ከሲንቄ ጋር የተሳሰረ ነው።

ሲንቄ ሴት ልጅ ስትዳር ከእናቷ የምትቀበለው ቀጭን በትር ሲሆን፣ በ2009 ዓ.ም. በዩኔስኮ በተመዘገበው የገዳ ሥርዓት ውስጥ የሴቶች መብት መገለጫ ነው። ዝናብ ሲጠፋ እናቶች ሲንቄና እርጥብ ሣር ይዘው ወደ ወንዝ ይወርዳሉ፤ በአቴቴ ሥርዓትም ፈጣሪን ይማጸናሉ። በኢሬቻ በዓል ወደ ውኃው በሚደረገው ጉዞም ከፊት የሚታዩት ሲንቄ የያዙ እናቶች ናቸው።

ከሥርዓቱ በተለይ ልብ ሊባል የሚገባው አንድ ነገር አለ። አንዲት ሴት ተበድላ ስትጮኽ የሰሙ ሴቶች ሁሉ ሲንቄያቸውን ይዘው ይወጣሉ፤ በዳዩ ጥፋቱን አምኖ እስኪክስ ድረስም ወደ ቤታቸው አይመለሱም። «አንቺን ምን አገባሽ?» ተብላ የምትመለስ የለችም።

የብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 አንቀጽ 11 የያዘው ሐሳብም ከዚህ የራቀ አይደለም። ማንኛውም ሰው፣ የግል ጥቅሙ መነካቱን ማስረዳት ሳይጠበቅበት፣ በአካባቢ ላይ ጉዳት ባደረሰ ወይም ሊያደርስ በሚችል አካል ላይ ለአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት አቤቱታ ማቅረብ ይችላል። በክፍለ ከተማው አልፎ ወደ አባ ሳሙኤል የሚወርደው የትንሹ አቃቂ ወንዝ ለፋብሪካና ለመኖሪያ ቤት ፍሳሽ የተጋለጠ በመሆኑ፣ ይህ መብት ለአካባቢው ነዋሪ የወረቀት ጉዳይ ብቻ አይደለም።

በወንዙ ዳር ልብስ የሚያጥቡና አትክልት የሚያለሙ እናቶች የውኃውን ቀለም፣ ሽታና አረፋ መለወጥ ቀድመው ያስተውላሉ። አቤቱታው ሥፍራውን፣ ቀኑንና ሰዓቱን፣ የታየውን ለውጥና ፍሳሹ የሚወጣበትን ቦታ ቢገልጽ፣ ቢቻል ፎቶግራፍ ቢያያዝበት፣ ለማጣራት ይቀላል። ጎረቤቶች በአንድነት ሊፈርሙበት ይችላሉ። ያቀረቡበትን ቀን የሚያሳይ ማስረጃ መያዝ አይዘንጋ፤ የጊዜ ገደቡ የሚቆጠረው ከዚያ ነውና።

መሥሪያ ቤቱ በ30 ቀናት ውስጥ ውሳኔ ካልሰጠ ወይም አቤት ባዩ በውሳኔው ቅር ከተሰኘ፣ ውሳኔው ከተሰጠበት ወይም ገደቡ ካለፈበት ቀን ጀምሮ በ60 ቀናት ውስጥ ለፍርድ ቤት ክስ ማቅረብ ይቻላል።