ከቀመር ወደ ልኬት፦ የሒሳብ ትምህርት በባሌ ደጋ

በ1954 ዓ.ም. በኡጋንዳ፣ ኢንቴቤ የተጀመረውና ኢትዮጵያም የተካፈለችበት የአፍሪካ የሒሳብ ፕሮግራም «ዘመናዊ ሒሳብ»ን በስብስብ ጽንሰ ሐሳብ ላይ መሠረተ፤ ልኬት ግን ከረቂቁ ሐሳብ ኋላ ቀረ። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ በበኩሉ ችግር ፈቺ ዜጋ ማፍራትን ዓላማው አደረገ።

ለዚህ ዓላማ የባሌ ደጋ ራሱ ቤተ ሙከራ ነው። ሮቤ 2,500፣ ጎባ 2,700 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ይገኛሉ፤ የቱሉ ዲምቱ ጫፍ 4,377 ሜትር ነው። የአየር ሙቀት በየ1,000 ሜትሩ በአማካይ 6 ዲግሪ ያህል ስለሚቀንስ፣ ጎባና የተራራው ጫፍ በ10 ዲግሪ ገደማ ይለያያሉ። የሮቤና የጎባ ልዩነት ግን ከ1 ዲግሪ ብዙ ስለማይርቅ የአንድ ቀን ደመና ይሸፍነዋል። የሁለቱ ከተሞች ተማሪዎች በአንድ ሰዓት እየለኩ ለወራት ቢመዘግቡ አማካዩ ይገልጠዋል። ያን ጊዜ አማካይ የሚሸመደድ ቀመር መሆኑ ቀርቶ የሚፈለግ መሣሪያ ይሆናል።