ሳም ኩክ፤ ከድምፃዊነት ወደ ሸክላ አሳታሚነት

ስለ ዘመናዊ ዘፈን ሲጻፍ ብዙ ጊዜ የሚነገረው የድምፅ ማማር ነው። ይሁን እንጂ ዘፈኑ የማን ሀብት እንደ ሆነ ካልተመረመረ ታሪኩ ጎደሎ ይሆናል። ለዚህም የጥቁር አሜሪካዊው የሳም ኩክ ሕይወት ምስክር ነው። (ዓመታቱ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ኩክ በ1931 በሚሲሲፒ፣ በክላርክስዴል ከተማ ተወለደ፤ ያደገው ግን በቺካጎ ነው። አባቱ ሰባኪ ስለ ነበሩ ዜማን የለመደው በቤተ ክርስቲያን ነው። በ1950ዎቹ መጀመሪያ «ሶል ስተረርስ» ከሚባሉት መዘምራን ጋር ተቀላቅሎ ስመ ጥር ሆነ። በ1957 ወደ ዓለማዊ ዘፈን ተሻገረ፤ «ዩ ሴንድ ሚ» የተባለው ዘፈኑም በዚያው ዓመት በአሜሪካ አንደኛ ወጣ። ነገር ግን የቀድሞው አሳታሚ በድርሰቱ ላይ መብት እንዳይጠይቅ፣ ዘፈኑ የተመዘገበው በወንድሙ ስም ነበር። ኩክ የባለቤትነትን ነገር የተማረው እንዲህ ባለው ትግል ነው።

ከሸክላ ሽያጭ የሚገኘው ገንዘብ ለዘፋኙ፣ ለድርሰቱ ባለመብቶችና ለአሳታሚው ኩባንያ ይከፋፈላል። ድምፁን ብቻ ያቀረበ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚደርሰው ጥቂት ነው። ኩክ ይህን ስለ ተረዳ ከጓደኛው ከጄ. ደብልዩ. አሌክሳንደር ጋር የድርሰት መብት የሚይዝ ድርጅት አቋቋመ፤ በ1959ም «ሳር ሪከርድስ» ሥራ ጀመረ። እሱ ራሱ ከ1960 ጀምሮ ለትልቁ ኩባንያ ለአር. ሲ. ኤ. ሲዘፍን፣ በሳር በኩል ግን የቀድሞ ባልንጀሮቹን መዘምራን፣ ጆኒ ቴይለርንና የወማክ ወንድማማቾችን አሳተመ።

የዚህ አሠራር ጥቅም በ1964 በግልጽ ታየ። የወማክ ወንድማማቾችን አንድ ዘፈን የእንግሊዞቹ ሮሊንግ ስቶንስ ደግመው ዘፍነው በአገራቸው አንደኛ አወጡት። ደራሲው ቦቢ ወማክ መጀመሪያ ቅር ቢለውም፣ የድርሰቱ ክፍያ ሲደርሰው ሐሳቡን ለወጠ።

ሆኖም ኩክ ታኅሣሥ 11 ቀን 1964 በ33 ዓመቱ በሎስ አንጀለስ በጥይት ተገደለ፤ ሳርም ብዙ ሳይቆይ ተዘጋ። የድርሰቶቹ መብት ከጊዜ በኋላ በ1963 ሥራ አስኪያጁ ለሆነው ለአለን ክላይን ኩባንያ ተላለፈ።

ከዚህ የምንረዳው፣ ኩክ የጠየቀው ጥያቄ ትክክለኛ እንደ ነበር ነው። ቤቱ ግን በአንድ ሰው ትከሻ ላይ የቆመ ስለ ነበር፣ ሰውየው ሲወድቅ አብሮት ወደቀ።